በአምሐ ክንድ የተለካችው መኪና

ኮልፌ ውስጥ ቆርቆሮ የሚያናግር ሰው ከተባለ ወልደሰንበት ነበር። ባዶ የቤንዚን ቆርቆሮ ያመጡለታል፤ ኩራዝ፣ ማንቆርቆሪያ፣ የውሃ መቅጃ አድርጎ ይመልስላቸዋል። ደጃፉ ላይ ቁጢጥ ብሎ ሲቀጠቅጥ የሚያልፍ የሚያገድመው ሁሉ ቆሞ ያየዋል፤ ደግሞም የሚታይ ሰው ነበር። አጭር ነው። አጭር ብቻ ቢሆን ምን አለበት፤ ክንዱም፣ እግሩም፣ ጣቱም አንድ ላይ ተማክረው ያጠሩ ይመስላሉ። የሰፈሩ ሴቶች «ወልዴን እግዜር ሲያበጀው ጭቃው አልቆበት ነው» እያሉ ይስቁበታል። እሱ ከሥራው ቀና ሳይል «ቀድሞ ወንድሜ ላይ አፍስሶት ነው» ይላቸዋል።

እውነቱን ነው። ታላቅ ወንድሙ አምሐ በር ሲገባ ጎንበስ ሲወጣ ጎንበስ የሚል፣ እጁን ሲዘረጋ የማያልቅ ሰው ነበር። ያ እጅ ደግሞ ለሰፈሩ ሀብት ነው። ያኔ ጨርቅ የሚሸጠው በክንድ ነበር፤ ከክርን እስከ መሃል ጣት ጫፍ። ታዲያ ብልህ ሴት በሻጩ ክንድ አታስለካም። ከዘመድ ከጎረቤት ረጅም ሰው መርጣ ይዛ ትሄዳለች፤ ሻጭ እያጉረመረመ ይቆርጥላታል። የኮልፌ ሴቶች አቡጀዲ ሊገዙ ሲነሡ መጀመሪያ የአምሐን በር ነው የሚያንኳኩት። የጨርቅ ነጋዴዎቹ ከሩቅ ሲያዩት ፊታቸው ይጠቁራል። አንዱማ «ይህ ሰውዬ ክንዱን ማበደር ካልተወ ሱቄን ቆልፌ አገሬ እገባለሁ» ብሎ ነበር ይባላል።

አምሐ ግን ሥራው ሾፌርነት ነው። ከጦርነቱ በፊት የአንድ አርመን ነጋዴ ሾፌር ነበር፤ ነጋዴው ደግሞ በከተማው ውስጥ እንደ እሷ ያለች ያልታየች ቀይ የሩጫ መኪና ነበረችው። ሁለት ሰው ብቻ ነው የምትይዘው። ወገቧ ከሰው ጉልበት ብዙም አይርቅም፣ አፍንጫዋ ረጅም፣ ጀርባዋ እንደ እንቁላል ድቡልቡል። እሑድ እሑድ ጌታው ምሳውን በልቶ ሲተኛ አምሐ «ላጥባት» ብሎ ያወጣትና ወደ ኮልፌ ይዟት ይመጣል። ዳገቱን ስትወጣ ድምፅዋ ከእሷ ቀድሞ ይደርሳል። ሚስቱ ጽጌማርያም እንዝርቷን እያሾረች ከተቀመጠችበት ቀና ትልና «መጣ» ትላለች። ሌላ ማንም ገና ምንም አልሰማም፤ እሷ ግን ሰምታለች።

ከእነዚያ እሑዶች በአንዱ አምሐ ጃኬቱን አውልቆ እጅጌውን ሰበሰበና መኪናዋን ልክ እንደ አቡጀዲ በክንዱ ይለካት ጀመር። አፍንጫዋ ላይ ተኝቶ፣ ጎኗ ሥር ተንበርክኮ፣ ጀርባዋን አቅፎ። ርዝመቷ ሰባት ክንድ ከስንዝር፣ ወርዷ ሦስት ክንድ ሆነ፤ የቀረውንም አንድ በአንድ ለወልደሰንበት ነገረው፣ እሱም እንደ ጸሎት ደጋግሞ በቃሉ ያዘ።

«ክንዱን ስንዝር አድርገውና ግልገሏን ትሠራታለህ» አለው አምሐ። «ሞተሩን እኔ እፈልጋለሁ። የምነዳትም እኔ ነኝ።»

«እኔስ?»

«አንተን እንደ መሐረብ አጣጥፌ ኪሴ ውስጥ እይዝሃለሁ።»

እንዲህ ተሳስቀው ተለያዩ። ከዚያ ጣሊያን ገባ። አርመኑ አገር ጥሎ ወጣ፣ ቀይዋን መኪና አንድ መኮንን ወሰዳት፣ አምሐ ያለ ሥራ ቤት ዋለ። የካቲት ላይ ከተማው ሲነድ ደግሞ በየቤቱ እየገቡ ወንድ ሲለቅሙ፣ ረጅም ሰው መደበቂያ የለውምና፣ አምሐን ከቤቱ አወጡት። ወልደሰንበት ያን ሰዓት ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ነበር። ሲመለስ ጽጌማርያም ደጃፉ ላይ ቆማ አገኛት፤ ስለ ወታደሮቹ መልክ፣ ስላሉት ነገር ምንም ልትነግረው አልቻለችም። የነገረችው ስለ ጭነት መኪናው ድምፅ ብቻ ነው፤ ቁልቁለቱን ሲወርድ እንዴት እየቀጠነ እንደ ሄደ።

ብዙ ቆይቶ ሱማሌ አገር፣ ባሕር አጠገብ፣ ደናኔ በሚባል እስር ቤት እንዳለ ወሬ ደረሳቸው። ሰው ወንድሙ ሲታሰር ስንቅ ያቀብላል። ደናኔ ስንቅ አይደርስም። ወልደሰንበት አገልግሉን እያየ፣ እንጀራውን እያየ፣ ለማን እንደሚያቀብል ግራ ገብቶት ከረመና አንድ ቀን ኩራዝ ሊቀጠቅጥ እንደ ተቀመጠ መዶሻውን አስቀምጦ ለጽጌማርያም «ግልገሏን ልሠራለት ነው» አላት። ስንቁ ግልገሏ ሆነች። አምሐ እስኪመጣ ሠርቶ ሊያቆይለት፣ ከማንም በፊት እሱ ገብቶባት ሊነዳት፤ ሐሳቡ ይኸው ነው፣ ሌላ የለበትም።

ሞተሩን ያገኘው ከሊፋ ከሚባል ብረታ ብረት ሻጭ ነው፤ ጣሊያን አዲስ ባቆመው ገበያ ጫፍ ላይ ከተሰበረና ከተጣመመ ዕቃ መሃል ተቀምጦ የሚውል፣ ቀልዱ ከዕቃው የሚበልጥ ሰው።

«ይሄ ዶቅዶቄ አስኮ ድልድይ ላይ ወታደር ይዞ የወደቀ ነው» አለው ከሊፋ። «ወታደሩ ተነሥቷል። ዶቅዶቄው ግን እንቢ ብሏል።»

ጎማ የለው፣ መሪ የለው፤ የቀረው ሞተሩና ሰንሰለቱ ነው። ወልደሰንበት በኩራዝና በማንቆርቆሪያ ለወጠው። ኩራዞቹን ያየ ሁሉ ከሊፋ እንደ ተጠቀመ ይናገራል፤ ወልደሰንበት ግን ሞተሩን በአህያ አንድ ጎን፣ ሚዛን እንዲጠብቅ ደግሞ አንድ ትልቅ ድንጋይ በሌላው ጎን ጭኖ ሰፈር ሲገባ ንጉሥ የሾመው ይመስል ነበር። ጎረቤቶቹ አህያዋን ዞረው አይተው «የትኛውን ነው የገዛኸው?» ብለው ጠየቁት።

ሞተር ፈትቶ አያውቅም። የሚያውቀው አምሐ ሲፈታ ከጎኑ ተቀምጦ ያየውን ነው፤ ዓይኑን ይጨፍንና የወንድሙ እጅ ቀጥሎ ወዴት እንደሚሄድ ያስታውሳል፣ ከዚያ የራሱን እጅ ወደዚያው ይሰዳል። አንዳንድ ጊዜ ትዝታው ወደ ብሎኑ ሳይሆን ወደ ሰውየው ይወስደውና ሲጋራ እንዴት እንደሚይዝ፣ ሲስቅ እንዴት እንደሚያስል እያሰበ መፍቻውን እንደ ያዘ ይቀራል። በጋዝ አጠበው፣ በአሸዋ ፈተገው፣ መልሶ ገጠመው፤ የተረፈ ብሎን አገኘ፣ እንደገና ፈታው። ጎን ለጎን ደግሞ ከባሕር ዛፍና ከብረት የመኪናዋን አጥንት አቆመ። በቃሉ የያዘውን ሁሉ፣ ክንዱን ስንዝር እያደረገ፣ አንድም ሳያጎድል።

አጥንቱ ሲያልቅ ገብቶ ተቀመጠበት። ጉልበቱ ጆሮውን ነካ።

ወጥቶ እንደገና ገባ። ያው ነው። አጥር ላይ ተደግፈው የሚያዩ ጎረቤቶች ለድመት ነው የሠራኸው ብለው ጠየቁት፤ ሌላይቱ የለም ለአይጧ ነው፣ ድመቱ ከኋላ በእግሩ ይከተላታል አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሟ «ውርንጭላ» ሆኖ ቀረ። ወልደሰንበት አብሯቸው ሳቀ። ግን እሱ፣ ጭቃው ያለቀበት ሰው፣ ካልገባባት አምሐ በምን ተአምር ይገባባታል?

ጽጌማርያም እንዝርቷን ይዛ ወጥታ ዙሪያውን ዞረች። ጨርቅ የገዛች ሴት ሁሉ የምትጠይቀውን ጥያቄ ነው የጠየቀችው።

«በማን ክንድ ነው የለካኸው?»

«በእኔ ነዋ፣ እትዬ ጽጌ። በማን ልለካ?»

«ቁጥሩን የሰጠህ ማን ነው?»

አፉን ከፈተና ዘጋው። ሰባት ክንድ ከስንዝር፤ ትክክል ነው። ግን የአምሐ ሰባት ነው። ሴቶቹ ሁሉ ገበያ ይዘውት የሚሄዱትን፣ ነጋዴ ሁሉ የሚሸሸውን ያን ክንድ ትቶ ቁጥሩን ብቻ ይዞ ቀርቷል። ይህን ስሕተት ኮልፌ ውስጥ የትኛዋም ሴት አትሠራውም ነበር።

ታዲያ የአምሐ ክንድ ምን ያህል ነበር? ቀላል ነገር መስሏቸው ነበር። ጽጌማርያም ግራ እጇን በአየር ላይ ዘርግታ በቀኟ ጫፉን አሳየች፤ እዚህ ድረስ አለች። ወልደሰንበት የለም፣ እዚህ ይደርሳል አለ፤ ከእሷ አራት ጣት ያለፈ ቦታ አሳያት። በነጋታው ሲደግሙት ሁለቱም የትናንቱን ቦታ አላገኙትም። የእሷ ዘልቋል፣ የእሱ አጥሯል። እዚህ ነው፣ የለም እዚህ ነው እየተባባሉ በባዶ አየር ላይ እጃቸውን ሲያንቀሳቅሱ ድንገት ሁለቱም እጃቸውን አወረዱ። ሰውየው ሳይሞት ክንዱ ሊጠፋባቸው ነው። ያን ቀን ጽጌማርያም ጥጧን ሰብስባ ገባች፤ ወልደሰንበትም መዶሻ አላነሣም።

የልብሱን እጅጌ አሰቡ፤ እጅጌ ከትከሻ ይጀምራልና ክርኑ የት እንደ ነበር አይናገርም። እሱ ያስለካውን ጨርቅ አሰቡ፤ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ሰፍቶታል፣ አጥቦታል፣ ጨርሶታል። ቀሚስ የነበረው የልጅ መታቀፊያ ሆኗል፣ የልጅ መታቀፊያ የነበረው የድስት መያዣ። ያልተቆረጠ፣ ያልታጠበ፣ አምሐ እንደ ለካው የተቀመጠ ጨርቅ ማን ቤት ይገኛል? ሳምንቱ ሳይወጣ ጽጌማርያም ከቤተ ክርስቲያን እየተመለሱ መንገድ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች።

«እማማ ወለተጻድቅ ቤት» አለች።

ወይዘሮ ወለተጻድቅ ከጎጃም በወጣትነታቸው የመጡ፣ ባላቸውን የቀበሩ፣ ምላሳቸው ከሰፈሩ ሴት ሁሉ የተሳለ አሮጊት ናቸው። የመገነዣቸውን አቡጀዲ በቁማቸው ገዝተው በሳጥን ማስቀመጣቸውን ሁሉም ያውቃል፤ ገበያ ይዘውት የሄዱትም አምሐን ነበር። ስምንት ክንድ። ጽጌማርያምና ወልደሰንበት ገብተው ጉዳዩን ሲነግሯቸው አሮጊቷ መቁጠሪያቸውን አቁመው አዩዋቸው።

«የከፈኔን ጨርቅ ለውርንጭላ?»

«ለመኪናዋ አይደለም እማማ» አለች ጽጌማርያም። «ለክንዱ ነው።»

ወይዘሮ ወለተጻድቅ እንደ መቆጣት ብለው ነው የተነሡት። ባለቤቱ በሕይወት እያለ የተዘረጋ ከፈን ጥሩ እንዳልሆነ፣ የዛሬ ሰው ነውር እንደማያውቅ፣ እሳቸው ነገ ቢሞቱ ዕዳው በነማን ራስ እንደሚሆን እያጉረመረሙ ሳጥኑን ከፈቱ። ጨርቁን ግን እንደ ሕፃን አቅፈው ነው ያወጡት። መሬት እንዳይነካ አስጠነቀቁ፤ አንዱን ጫፍ ራሳቸው ያዙ፣ ሌላውን ለጽጌማርያም ሰጡ።

«ያን ቀን ‹ዘርጋው እንጂ፣ ምን ትሰበስበዋለህ› እለዋለሁ» አሉ፤ ድምፃቸው ለስልሷል። «‹እማማ፣ እርስዎ ይቺኑ ያህል፤ ትርፉ ምን ሊደረግ ነው?› ይለኛል። ‹ለወንድምህ ሱሪ ይሆነዋል› አልኩት። ነጋዴው እስኪናደድ ሳቀ።»

አጠፉት። ግማሽ ሆነ። ደግመው አጠፉት፣ ሩብ ሆነ። ሦስተኛ ሲያጥፉት በጽጌማርያምና በአሮጊቷ እጅ መካከል የቀረው አንድ ክንድ ነው። የአምሐ። ከሁለቱም ግምት የበለጠ ረጅም ነበር። ወልደሰንበት ያመጣውን የባሕር ዛፍ ዘንግ ከጨርቁ ሥር አስጠግቶ ጫፍና ጫፉን በቢላዋ ቆረጠው፤ ከዚያ ሴቶቹ ጨርቁን አንድ ጊዜ ሲያጥፉለት ግማሹን፣ ማለት ስንዝሩን፣ ዘንጉ ላይ ምልክት አደረገ። ቢላዋው ወደ ጨርቁ ሲጠጋ ያዩት ወይዘሮ ወለተጻድቅ ጨርቄን እንዳትነካ፣ እኔ እንዳንተ ቆርቆሮ መልሼ የምገዛው አይደለም አሉት። ጨርቁን በነበረበት እጥፋት መልሰው ሳጥኑን እስኪዘጉ ድረስ ጽጌማርያም ዘንጉን በሁለት እጇ ይዛ ቆማ ነበር። ለወልደሰንበት የሰጠችው ቤት ሲደርሱ ነው።

የድሮውን አጥንት አፈረሰው። ሲያፈርሰው ደግሞ ደስ ብሎት ነው፤ የሚያፈርሰው የራሱን ክንድ ነው፣ የሚያቆመው የወንድሙን። በዘንጉ እየለካ ግልገሏን እንደገና አነሣት። ቆዳዋን ከቤንዚን ቆርቆሮ ሠራው፣ ያን ረጅም አፍንጫ ቀጥቅጦ ቀጥቅጦ አሹሎ አወጣው። መንገድ ሠሪዎች ከጣሏቸው የእጅ ጋሪዎች አራት የብረት መንኮራኩር ሰብስቦ፣ በረባሶ ከሚሠራበት ያረጀ የካሚዮን ጎማ ጠፍር እየሰነጠቀ አለበሳቸው። ድልድይ የሚቀባበት የዝገት መከላከያ ቀለም ቀይ ነውና እሱን ለምኖ ቀባት። ወንበሩን በጭድ በሞላው ጆንያ ሠርቶ ወለሉ ላይ በአራት ብሎን ሲያስር የአምሐን እግር ከክንዱ ገምቶ ከፍሬን መርገጫው አራቀው። ክንዱ ይህን ያህል የሆነ ሰው እግሩ ያን ያህል ነው ብሎ።

ሞተሩ የተነሣው በበዓል ዋዜማ ነው፣ አመሻሽ ላይ። የኋላ እግሮቿን ድንጋይ ላይ አንሥቶ አስቀምጧት ስለ ነበር ቆማ በአየር ላይ ጎማዋን ብቻ ታሾራለች። ዶሮው ሁሉ አጥር ዘለለ። ሁለት ጣሊያን ወታደሮች ድምፁን ሰምተው ከመንገድ ገቡ፤ ጠመንጃቸውን እንዳነገቱ ቀይዋን ነገር ዞረው ሲያዩ ወልደሰንበት ሞተሩን አጥፍቶ፣ እጁን ከጉልበቱ ከፍታ ላይ አድርጎ «ባምቢኖ፣ ባምቢኖ» አላቸው፤ የሕፃን መጫወቻ ናት ማለቱ ነው። አንደኛው ጎንበስ ብሎ መሪውን ዳሰሰና አንድ ነገር ለጓደኛው ነገረው። ሳቁ፣ ሄዱ። ወልደሰንበት ግንባሩን ጠርጎ እስኪርቁ ጠበቀ። መጀመሪያ የሚቀመጥባት አምሐ ነው፤ መሪዋን አስቀድሞ የነካው ግን ጣሊያን መሆኑ ለብዙ ቀን አናደደው።

እንዲህ ጨርሶ ጠበቀ። ማንም እንዳይገባባት ከለከለ፣ ራሱም አልገባም። ቅዳሜ ቅዳሜ ድንጋይዋ ላይ እንዳለች ያስነሣታል፣ ጎማዋ ይዞራል፣ ያጠፋታል፣ በጆንያ ይሸፍናታል።

በዚያ ሰሞን ከደናኔ የሚለቀቁ እስረኞች በየጊዜው መምጣት ጀመሩ። የጭነት መኪና ከሚያራግፋቸው ቦታ ወልደሰንበትና ጽጌማርያም ቀርተው አያውቁም። የሚወርደውን ሰው ፊት አያዩም፤ መጀመሪያ ቁመቱን ነው የሚያዩት። አጥንታቸው የቀረ ሰዎች ይወርዳሉ፤ እያንዳንዱን የሚያቅፈው ሰው ይመጣል፤ ሁለቱ እጃቸውን አጣጥፈው ይመለሳሉ። በመጨረሻ ገረሱ የሚባል የአስኮ ሰው አምሐን አውቀዋለሁ ብሎ ቤታቸው ድረስ መጣ። ውሃ ጠጣ፣ ከዚያ ነገራቸው። በካሚዮን ሲጫኑ አቅም ያነሰውን ሁሉ ከመሬት እየሳበ ያወጣ የነበረው አምሐ ነው፤ እጁ ይደርስለት ነበርና። እሥር ቤቱ ውስጥም አንድ ዓመት ያህል አብረው ነበሩ። ከዚያ ጣሊያኖቹ መኪና መንዳት ማወቁን ሰምተው አንድ ቀን ጠዋት ጠሩት፤ ወደ ሌላ ቦታ ወሰዱት። የት እንደ ሆነ ገረሱ አያውቅም። በኋላ የጠየቀውም ሁሉ አያውቅም።

«ሲወስዱት ደኅና ነበር?» አለች ጽጌማርያም።

«ቆሞ ነው የሄደው» አለ ገረሱ። «ዞር ብሎም አይቶናል።»

ከዚያ በላይ የሚጨምረው አልነበረውም። ሸኙት። ወልደሰንበት ከደጅ ሲመለስ ቅዳሜ አልነበረም፤ ቢሆንም ሄዶ ግልገሏን አስነሣት። አስነሥቶ አጠገቧ ቁጢጥ አለ። ነዳጁ እስኪያልቅ አላጠፋትም።

ሳምንታት አለፉ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጽጌማርያም ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ መጣችና ጆንያውን ከመኪናዋ ላይ ገፈፈችው።

«ማነው የሚነዳት?»

«ታውቂያለሽ።»

«እሱ እስኪመጣስ?»

«ትጠብቃለች።»

«እኔም እየጠበቅሁ ነው ወልዴ» አለችው። «እኔን ግን ማንም ድንጋይ ላይ አላስቀመጠኝም። ውሃ እቀዳለሁ፣ ጥጥ እፈትላለሁ፣ ገበያ እወጣለሁ። እየሄድኩ ነው የምጠብቀው። አውርዳት።»

ከዚህ በኋላ ያለው ክርክር ብዙ ነው። ወልደሰንበት የወንድሜ ቦታ ነው አለ፤ የባሌም ቦታ ነው አለችው። ቃል ገብቻለሁ አለ፤ ለማን እንደ ገባ ጠየቀችው፤ አምሐ ከኔ በፊት ሚስቴ እንዳትቀመጥ ብሎሃል ወይ አለችው። በዚያ መንገድ አስቦት አያውቅም ነበር። ድንጋዩን አወጣው። ነዳጅ መስጫው መሪው ላይ በእጅ እንደ ሆነ፣ ፍሬኑ ቀኝ እግር ላይ እንደ ሆነ አሳያት፤ ከኋላ ገፍቶም አስነሣላት።

ወደ ወንዙ የሚወርደው መስክ ያን ጊዜ ገና ቤት አልተሠራበትም፤ ሣር ነው። ግልገሏ አፍንጫዋን አስቀድማ ቁልቁል ያዘች፣ ፍጥነት ጨመረች። እዚህ ላይ ነው ጽጌማርያም እግሯን ወደ ፍሬኑ የላከችው። አልደረሰም። ለመድረስ ወደ ታች ብትንሸራተት መንገዱን ያ የሾለ አፍንጫ ይከልልባታል፤ ቀና ብትል መንገዱ ይታያታል፣ ፍሬኑ ይርቃታል። መንገዱን መረጠች። ነጠላዋ ከወገቧ ተፈትቶ ከኋላዋ ይውለበለባል፤ ልብስ የሚያጠቡ ሴቶች ባልዲያቸውን ጥለው ይበተናሉ፤ ወይዘሮ ወለተጻድቅ ከደጃፋቸው ላይ ሆነው ያማትባሉ።

ወልደሰንበት በእነዚያ እግሮቹ ይሮጣል። ቁሚ፣ ፍሬኑን ያዢ፣ ነዳጁን ዝጊ እያለ ይጮኻል። መስኩ መሃል ሲደርስ ግን ግልገሏ ወንዙ ዳር ባለው ጠፍጣፋ ላይ ዞራ በወዲህኛው በኩል ያለውን ዳገት ያዘች፤ ዳገት ስትይዝ ድምፅዋ ተለወጠ። ወፍራም ሆነ። ከገደሉ እየተመለሰ ይመጣል። ወልደሰንበት ሳያስበው መሮጡን አቆመ። ያውቀዋል ይህን ድምፅ። እሑድ ነው፣ አርመኑ ምሳውን በልቶ ተኝቷል፣ ጃኬቱን ያወለቀ ሰው ዳገቱን እየወጣ ነው፣ አሁን ይደርሳል። ቁሚ እንዳይላት ፈራ። ባትቆም ተመኘ። ዓይኑን ጨፍኖ፣ አፉን ከፍቶ፣ እንደ ልጅ ያንን ድምፅ ብቻ ሲሰማ ዳገቱ ሞተሩን አሸነፈውና ዝም አለ።

ዝምታው ሲመጣ ነው እንደገና የሮጠው። ሲደርስ ጽጌማርያም መሪውን እንደ ያዘች ተቀምጣለች። አልተጎዳችም። ፊቷ ቀልቷል፣ ሻሿ የለም።

«እግሬ አልደረሰም» አለችው።

«አይቻለሁ።»

«ወደ ፊት ሄድኩለት፣ ተዘረጋሁለት፤ ያን ያህል ቀረኝ።» በእጇ አሳየችው። «እሱ ቢሆን ይደርስ ነበር?»

ወልደሰንበት ጎንበስ ብሎ ከእግሯ እስከ መርገጫው ያለውን ባዶ ቦታ አየ። ሳይቸኩል ነው ያየው።

«እሱ ቢሆን ጉልበቱን ትንሽ አጥፎ ይደርስ ነበር» አለ።

«እንግዲያው ደኅና አድርገህ ለክተኸዋል» አለች። ከዚያ ባዶውን ቦታ ታየው ጀመር፤ ሰው በር ሲከፈት ውስጥ ያለውን እንደሚያይ። ወልደሰንበት ፊቱን ወደ ወንዙ አዙሮ ጠበቃት። ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ስትወርድ ድምፅዋ የወትሮው ነበር። «በል አሁን ወንበሩን ወደ ፊት አስጠጋልኝ። በሚቀጥለው እሑድ ቀራንዮ እሄድባታለሁ።»

መስኩን ሁለቱ እየገፉ አወጧት። ቤት ሲደርሱ መፍቻ አላነሣም፤ ወንበሩን ማስጠጋት ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቃል። የዚያን ሰው እግር ማሳጠር ነው። ከጨርቅ እጥፋት ውስጥ ያገኙትን ሰው በገዛ እጁ መልሶ መቁረጥ። ሰኞ ኩራዝ ሠራ። ማክሰኞ ማንቆርቆሪያ ሠራ። ጽጌማርያምም አልነዘነዘችውም፤ አጠገቡ ተቀምጣ ጥጧን ትፈትላለች።

ረቡዕ መብሻውን አውጥቶ ግልገሏ ውስጥ ገባ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ተንበርክኮባት። የወንበሩን አራት ብሎኖች ፈታ። ወንበሩን ወደ ፊት ገፍቶ ጽጌማርያምን አስቀመጣት፣ እግሯ ፍሬኑን ደኅና አድርጎ ሲረግጥ ወለሉ ላይ ምልክት አደረገ፣ አራት አዲስ ቀዳዳ በሳ። ወንበሩን እዚያ አሰረው። የኋላዎቹን ቀዳዳዎች ግን አልደፈናቸውም።

ጽጌማርያም ጎንበስ ብላ አየቻቸውና ውሃ እንደሚያስገቡ፣ በቆርቆሮ ቁራጭ ቢመታባቸው እንደሚሻል ነገረችው።

«ይግባ» አላት። «ብሎኖቹን ከፈታን እኮ ወንበሩ ወደ ኋላ የሚመለሰው በአንድ አፍታ ነው። እሱ ደጅ ቆሞ እያየን።»

ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ የኮልፌ ሰው ቀራንዮ ድረስ በቀይ ውርንጭላ የምትሄድ ሴት ያያል፤ ከጎኗም አጭር ሰው ዘይት ያለበት ጣሳ ይዞ በሩጫ ይከተላታል። ጣሊያን ወጣ፣ ንጉሡ ተመለሱ፣ ከደናኔም ከሌላም ቦታ ሰው መጣ፣ ከዚያ መምጣቱን አቆመ። ወልደሰንበት ቅዳሜ ቅዳሜ ሰንሰለቱን ያጥባል፣ መሪውን ይፈትሻል፣ ሁሉንም ሲጨርስ አንድ የዶሮ ላባ ዘይት ውስጥ ያጠቅስና በእነዚያ በአራቱ የኋላ ቀዳዳዎች ውስጥ ያሳልፈዋል፤ ዝገት እንዳይዘጋቸው።